ሰዓቱ ደረሰ፤ ምርመራውስ?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው ወደ አንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ ሲጋራ ካቆሙም ብዙ አልቆዩም። ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ትንሽ ትንሽ ያስላቸዋል፤ ትኩሳት ግን የላቸውም። ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ነገር እየተምታታባቸው እንደሆነ ትናገራለች። ነርሷ ጣታቸው ላይ የሰካችው ኦክሲሜትር 91 ያነባል። ራጅ ይነሣሉ፤ በስክሪኑ ላይ የቀኝ ሳንባቸው ግርጌ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ጠርዙ ግን በግልጽ አይለይም። ያ ንጣት የሳንባ ምች ያመጣው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ልብ ደም መግፋት አቅቶት ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃም ሊሆን ይችላል። የቆየ ጠባሳ፣ በረጋ ደም የተዘጋ የደም ሥር ያስከተለው ጉዳት ወይም ካንሰር አለመሆኑንም በዚያች ደቂቃ ማንም ምሎ አይናገርም። የራጅ ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ከታካሚው ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ ይታይ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ታካሚ በየትኛውም ትልቅ ከተማ በየሌሊቱ ይገባል። በ2000ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ግን የአሜሪካ ተረኛ ሐኪሞች ከፊታቸው ካለው ጥርጣሬ በተጨማሪ ሌላ ነገርም ያሯሩጣቸው ነበር። የሳንባ ምች ታካሚ ሆስፒታል በገባ በአራት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ማግኘት ነበረበት። ከታካሚዎቹ ስንት በመቶዎቹ በሰዓቱ እንዳገኙ ከየሆስፒታሉ ስም ጎን ተጽፎ ለሕዝብ ይፋ ይደረግ ነበር።

የዚህ የአራት ሰዓት ሕግ ታሪክ በድንገተኛ ሕክምና ምርምር ውስጥ በሚገባ ከተመዘገቡት ትምህርቶች አንዱ ነው። በጎ አሳብ፣ ሰፊ መረጃና የመንግሥት ድጋፍ ነበረው። ሆኖም ሳንባ ምች ያልያዛቸውን ብዙ ሰዎች የሳንባ ምች ታካሚ አድርጎ አስቆጠረ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ተደምረው የሚያሳዩት ነገር እንዳለ አምናለሁ። በድንገተኛ ክፍል የሳንባ ምች ታካሚን ደህንነት የሚጠብቀው የመጀመሪያው መድኃኒት የተሰጠበት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚበልጠው፣ የመጀመሪያው ምርመራ ሊሳሳት እንደሚችል አውቆ ታካሚውን ተመልሶ የሚያይ አሠራር መኖሩ ነው። ይህን ትቶ ሰዓትን ብቻ የሚለካ ሥርዓት ራሱ ለታካሚው አደጋ ይሆናል።

ሕጉ ከባዶ አልተነሣም። በ1997 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሜዲኬር የጤና መድን የሚታከሙ ከ14,000 በላይ አረጋውያንን መዝገብ መርምሮ፣ ሆስፒታል በደረሱ በስምንት ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ የጀመሩት በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘ። በ2004 ሌላ ጥናት ሰዓቱን አጠበበው። ቀደም ብለው በቤታቸው አንቲባዮቲክ ካልወሰዱ 13,771 አረጋውያን ውስጥ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 11.6 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሲሞቱ ከዚያ ከዘገየባቸው 12.7 በመቶው ሞተዋል። ልዩነቱ በመቶ ታካሚ ከአንድ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ማንም አያስተውለውም፤ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በሳንባ ምች በሚተኛበት አገር ግን ብዙ ነፍስ ነው። የሜዲኬር አስተዳደርና ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን አራት ሰዓትን የጥራት መለኪያ ማድረጋቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስወቅሳቸው አልነበረም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ፋታ አይሰጥም።

ችግሩ ጥናቶቹ ተመልካች ጥናቶች መሆናቸው ላይ ነበር። ማን ቶሎ፣ ማን ዘግይቶ መድኃኒት እንደሚያገኝ በዕጣ አልተመደበም፤ የወሰነው ታካሚው ራሱ የመጣበት ሁኔታ ነው። ትኩሳት፣ ሳልና አክታ ይዞ የመጣ የሃምሳ ዓመት ሰው ምርመራው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ትኩሳት የሌላቸው፣ ነገር የተምታታባቸው፣ ልባቸው የደከመ የሰማንያ ዓመት እናት ግን መጀመሪያ ስለ አንጎላቸው፣ ስለ ልባቸው፣ ስለ ሽንት ኢንፌክሽን ይታሰባል፤ መድኃኒቱ ይዘገያል። እኒሁ እናት ቀድሞውኑ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በ2006 ቼስት በተባለው የሳንባ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 451 ታካሚዎችን ተከታትሎ ይህንኑ አሳየ። ከአራት ሰዓት በላይ የዘገየባቸው በብዛት የሞቱት እውነት ነው፤ ግን መዘግየቱን የሚተነብዩት የአእምሮ መደናገር፣ የትኩሳት አለመኖርና የዕድሜ መግፋት ነበሩ፤ እነዚህ ሲታሰቡ የሰዓቱ ተጽዕኖ ደብዝዞ ጠፋ። መዘግየቱን የሞት ምክንያት ማድረግ፣ እንግዲህ፣ ትኩሳቱን ያመጣው ቴርሞሜትሩ ነው እንደማለት ያህል ነበር፤ ቢያንስ በከፊል።

ሕጉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲወርድ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ሆስፒታሎች ውጤታቸው ይፋ በሚደረግበት ነገር ላይ ጉልበታቸውን ያፈሳሉ። ሳል ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው በትሪያጅ (ታካሚዎች በሕመማቸው ክብደት በሚለዩበት) ጠረጴዛ ላይ ለራጅ ይታዘዝለታል፤ አንዳንድ ቦታ ራጁ ሳይነበብ መድኃኒቱ ይንጠለጠላል። በ2007 የታተመ ጥናት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ከሕጉ በፊትና በኋላ የነበሩትን 518 ታካሚዎች አነጻጸረ። በ2003 በአራት ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ያገኙት 53.8 በመቶ ነበሩ፤ በ2005 65.8 በመቶ ደረሱ። በሪፖርት ላይ ይህ መሻሻል ነው። ከዚሁ ቁጥር ጎን ግን ሌላ ቁጥር አለ። በድንገተኛ ክፍል «የሳንባ ምች» ተብለው ከገቡት ውስጥ በመጨረሻ ምርመራው የጸናላቸው ከ75.9 በመቶ ወደ 58.9 በመቶ ወረዱ። ሰዓቱ በተከበረ ቁጥር ምርመራው ተሳሳተ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ሌላ የጥናት ቡድን የ86 የሜዲኬር ታካሚዎችን መዝገብ በጥንቃቄ አንብቦ፣ በ19ኙ ማለትም በ22 በመቶው ላይ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለማዘግየት በቂ የምርመራ ጥርጣሬ እንደነበረው ደምድሞ ነበር። መለኪያው እነዚያን ሐኪሞች እንደ ሰነፍ ይቆጥራቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ነበር።

በ2007 የአሜሪካ የኢንፌክሽን በሽታዎች ማኅበርና የደረት ሕክምና ማኅበር ያወጡት መመሪያ ቁርጥ ሰዓት ከመጥቀስ ተቆጠበ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ታካሚው ገና ድንገተኛ ክፍል ሳለ ይሰጥ አለ። መለኪያው ወደ ስድስት ሰዓት ተለጠጠ፤ የምርመራ ጥርጣሬ ያለባቸው ታካሚዎች ከቆጠራው እንዲወጡ ተፈቀደ፤ በኋላም ጭራሽ ተሰረዘ። በ2008 የሕክምና ጥራት ተመራማሪው ሮበርት ዋክተርና ባልደረቦቹ ታሪኩን ለወደፊት መለኪያ አውጪዎች ማስተማሪያ አድርገው ጻፉት። እኔ የማደንቀው የአሜሪካኖቹን አለመሳሳት አይደለም፤ ተሳስተዋል። የማደንቀው ስሕተታቸውን ቆጥረው፣ አሳትመው፣ ሕጉን ያወጣውን አካል በራሱ ቁጥር መሞገታቸውን ነው።

«ቢበዛ አንድ ያልተፈለገ አንቲባዮቲክ ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጉዳት አለው፤ የአለርጂ አደጋ፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪድየም ዲፊሲል የተባለ የአንጀት ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት መላመድ። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው። «የሳንባ ምች» የሚለው ስም አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረ ከታካሚው ጋር ይጓዛል። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ለተኝቶ ታካሚ ክፍል ሐኪም ያስረክበዋል፤ እርሱ ለማለዳው ተረኛ ያስረክበዋል፤ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ጥርጣሬው ትንሽ ይቀንሳል፤ «ሊሆን ይችላል» የነበረው «ነው» ይሆናል። ችግራቸው የልብ ድካም የነበረ ታካሚ ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ሳያገኙ፣ ይባስ ብሎ ግሉኮስ እየተንጠለጠለላቸው ያድራሉ። ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም ያለባቸው ደሙን የሚያቀጥነውን መድኃኒት ሳያገኙ ይቆያሉ። ታካሚውን በቀጥታ የሚጎዳው አላስፈላጊው መርፌ ሳይሆን፣ መርፌው ከተሰጠ በኋላ ማሰብ መቆሙ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሰፊ ጥናት በ2024 ወጥቷል። በባርባራ ጆንስ የተመራ ቡድን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙባቸው 118 ሆስፒታሎች ውስጥ ከ2015 እስከ 2022 መግቢያ ድረስ የተመዘገቡ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ የተኝቶ ሕክምና መዝገቦችን በኮምፒውተር አስነበበ፤ የሐኪሞቹን ማስታወሻና የራጅ ሪፖርቶችን ቋንቋ ሳይቀር። በመግቢያም ሆነ በመውጫ ላይ የሳንባ ምች ከተባሉት ውስጥ በ57 በመቶዎቹ ላይ ሁለቱ ምርመራዎች አልተጣጣሙም። በድንገተኛ ክፍል የሳንባ ምች ከተባሉት 36 በመቶው ሲወጡ ይህ ምርመራ አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያ ራጃቸው የሳንባ ምች አሳይቶ የሳንባ ምች ተብለው ከወጡት ደግሞ ሦስት አንዱ ሲገባ ይህ ስም አልተሰጠውም ነበር። ከድንገተኛ ክፍል ማስታወሻዎች 58 በመቶው ውስጥ፣ ከመውጫ ማስታወሻዎች 48 በመቶው ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ጥርጣሬ ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ከአሥር ታካሚዎች አንዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ፣ ስቴሮይድና ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ሦስቱንም አብሮ ወስዷል። ሐኪሙ በሽታው የሳንባ ምች ይሁን የአስም ዓይነት የመተንፈሻ ሕመም ወይስ የልብ ድካም መለየት አልቻለም፤ ለሦስቱም ሰጠ። ይህን ስንፍና ለማለት አልደፍርም። ድንገተኛ ክፍል በጥርጣሬ ውስጥ የሚሠራ ቦታ ነው፤ ጥርጣሬውን የሚደብቅ መለኪያ ግን እውነታውን ይደብቃል።

እዚሁ ጥናት ላይ የእኔን ክርክር የሚፈትን ቁጥርም አለ፤ አልዘለውም። ሲገቡ የሳንባ ምቻቸው ያልታወቀላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 14.4 በመቶ ነበሩ፤ ሲገቡም ሲወጡም ምርመራቸው አንድ የሆነላቸው ግን 10.6 በመቶ። ያልታወቀ የሳንባ ምች ይገድላል ማለት ነው። ታዲያ ሐኪሞችን አጣድፎ ሁሉንም በሳንባ ምች ማከም አይሻልም? አይሻልም፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ያመለጡት ሐኪሙ ስለ ዘገየ ሳይሆን ምልክታቸው ሌላ በሽታ ስለ መሰለ ነው። ሰዓቱን ማጥበብ እንዲህ ያለውን ሰው አያገኘውም፤ ቀላሉን ታካሚ ቶሎ ያገኛል፤ አስቸጋሪውን በተሳሳተ ስም ያስተኛል። ያመለጠውን ሰው የሚያገኘው በስድስተኛው ሰዓትም፣ በማግሥቱም «ይህ ሰው እንዳሰብነው ለውጥ አሳይቷል ወይ?» ብሎ የሚመለስ ሐኪም ነው።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከሴፕሲስ ነው፤ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋና የአካል ክፍሎች ሥራ ሲያቆሙ የሚከተለው አደገኛ ሁኔታ፣ በብዙ አረጋውያን ዘንድ ከሳንባ ምች የሚጀምር። በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ ሮሪ ስታውንተን የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤት ተልኮ ከቀናት በኋላ በሴፕሲስ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ግዛቲቱ በስሙ የሚጠራ ደንብ አወጣች፤ ሆስፒታሎች ሴፕሲስን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ እንዲያክሙ አስገደደች። በ149 ሆስፒታሎች የታከሙ 49,331 ሰዎችን የመረመረው የ2017 ጥናት፣ የታዘዘው ሕክምና በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመሞት ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አገኘ። ይህን መረጃ አከብራለሁ። የደም ግፊቱ የወደቀበት፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ በደቂቃ 35 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ምርመራ እርግጠኝነት መወያየት ወንጀል ነው፤ ኦክስጅንም አንቲባዮቲክም አሁኑኑ። ግን የዚያ ልጅ ታሪክ ራሱ የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ይዟል፤ በጋዜጣ እንደ ተዘገበው፣ ከፍተኛ ኢንፌክሽን የሚያመለክተው የደም ምርመራ ውጤት የወጣው ልጁ ከሄደ በኋላ ነበር፤ ወላጆቹን የጠራ ግን አልነበረም። ያ የጎደለው ሁለተኛ ዕይታ ነው።

ለቀሪዎቹ፣ ማለትም የደም ግፊታቸው ላልወደቀ ብዙኃን፣ ፍጥነት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም በዕጣ የተመደበ ጥናት አለ። በኔዘርላንድስ የአምቡላንስ ሠራተኞች ሴፕሲስ ለተጠረጠረባቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሳሉ አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደ ወትሮው ሆስፒታል ጠበቁ። ከ2,600 በላይ ሰዎች ገቡበት። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቱን ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድመው አገኙ። በ2018 ውጤቱ ሲታተም በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 8 በመቶ ነበሩ።

ታዲያ የሚያድነው ምንድን ነው? ወደ ዩታ ግዛት እንሂድ። ኢንተርማውንቴን በተባለው የሆስፒታሎች ቡድን ውስጥ ኔተን ዲን የተባሉ የሳንባ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት አንድ የኮምፒውተር ረዳት ሲያበጁ ቆይተዋል። ረዳቱ የታካሚውን የራጅ ሪፖርት፣ የኦክስጅን መጠን፣ የደም ግፊት፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከመዝገቡ ራሱ ሰብስቦ ለሐኪሙ ጥያቄዎች ያቀርባል። የሳንባ ምች የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? ክብደቱስ? ወደ ቤት መሄድ ይችላል፣ ይተኛ ወይስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ? የትኛው መድኃኒት? ሐኪሙ መቀበልም መለወጥም ይችላል። በ16 የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች ውስጥ በየተራ ሥራ ላይ እንዲውል ተደርጎ በ2022 የወጣው ውጤት 6,848 ታካሚዎችን ይሸፍናል። ሐኪሞቹ ከሚገባቸው ታካሚዎች በ67 በመቶው ላይ ተጠቅመውበታል። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ8.6 በመቶ ወደ 4.8 በመቶ ወረዱ፤ የታካሚዎቹ ልዩነት ከተስተካከለም በኋላ የመሞት ዕድሉ በ38 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ቤታቸው የተላኩት ከ29.2 ወደ 46.9 በመቶ ሲያድጉ፣ ተመልሰው በሰባት ቀን ውስጥ የሚተኙት ግን ያን ያህል አልጨመሩም። አሁን ሰዓቱን ተመልከቱ። እስከ መጀመሪያው አንቲባዮቲክ ድረስ የፈጀው ጊዜ በአማካይ 159 ደቂቃ የነበረው 151 ደቂቃ ሆነ። ስምንት ደቂቃ። ሞት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ሲወርድ ሰዓቱ የተንቀሳቀሰው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅም የታየውም በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡት ላይ ነው፤ ማለትም ክብደታቸው በጊዜ ተለይቶ ተገቢው ቦታ በተሰጣቸው።

ይህም ጥናት እያንዳንዱን ታካሚ በዕጣ አልመደበም፤ በፊትና በኋላ መካከል ሌሎች ነገሮችም ተለውጠው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 38 በመቶውን እንደ ተቆረጠ ዋጋ አልይዘውም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ክብደትን መለየት፣ ቦታን መምረጥ፣ መድኃኒትን ማስተካከል ተደምረው ከደቂቃ ይበልጣሉ። «ይህ የሀብታም አገር መሣሪያ ነው» የሚል ተቃውሞም እጠብቃለሁ። መሣሪያው ነው፤ ቁም ነገሩ አይደለም። ከባድ የሳንባ ምች ላለባቸው ሕፃናት አየርን በግፊት የሚሰጠው ርካሹ የባብል ሲፓፕ መሣሪያ በማላዊ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ በ644 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2019 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ መሣሪያው ከተሰጣቸው 17 በመቶ፣ ተራ ኦክስጅን ከተሰጣቸው 11 በመቶ ሞቱ። እዚያ መሣሪያውን በየዕለቱ የሚከታተል ሐኪም አልነበረም። በኢትዮጵያ በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና የሕፃናት ስፔሻሊስቶች እየተቆጣጠሩት የተደረገው ሙከራ በ2024 ሲታተም ግን ተመሳሳዩ ሕክምና ሞትንና የሕክምና መክሸፍን ቀንሷል። በሁለቱ አገሮች መካከል ሌላም ልዩነት ይኖራል፤ ሆኖም እየተመላለሰ የሚያይ ሐኪም መኖሩን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ አይቻልም።

ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነት እዚህ ላይ ይጠብቃል፤ አንድ ብርቱ መልስም ይጠይቃል። በጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ራጅ የላትም፤ ላቦራቶሪ የላትም። ያላት ዓይኗና ሰዓቷ ነው። የሚያስለውን ሕፃን ልብስ ገልጣ ደረቱን እያየች ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ ከሁለት ወር እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ በአሞክሲሲሊን ታክማለች፤ የአደጋ ምልክት ካለው ወደ በላይ ትልካለች። ይህ መለኪያ ሻካራ ነው፤ በቫይረስ ብቻ የታመሙ ብዙ ሕፃናት መድኃኒት ይወስዳሉ። የአራት ሰዓቱን ሕግ የነቀፍኩ ይህን ለምን አልነቅፍም? ምክንያቱ ሁለት ነው። ሐኪም በሩቅ ባለበት ቦታ መቅረት ከመሳሳት ይብሳል፤ ሕፃን በሳንባ ምች በአንድ ሌሊት ይሞታል። ሁለተኛው ደግሞ የዚያ መመሪያ ደራሲዎች ራሳቸው ሁለተኛውን ዕይታ በሕጉ ውስጥ አስገብተውታል፤ እናትየው ሕፃኑን ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ መልሳ እንድታመጣ ይነገራታል፤ ካልተሻለው ምርመራው ይከለሳል። መመለሷ የሕክምናው ግማሽ ነው። ቀጠሮው በቀረ ቁጥር የምንሠራው የአሜሪካኖቹን ስሕተት ነው፤ ያውም ያለ ራጅ።

በሆስፒታሎቻችን ግን ነገሩ ወደ ድንገተኛው ክፍል ክርክር ይጠጋል። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በትሪያጅ ቀለም የመለየት አሠራርም በብዙ ሆስፒታሎች ተለምዷል። የሚያስል፣ ትንፋሽ ያጠረው ጎልማሳ ሲመጣ ሴፍትሪያክሶን መጀመር እንደ ልማድ ተይዟል፤ በብዙ ጉዳይም ትክክል ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶቻችን ላይ ብዙ ነው። ሁለቱም በራጅ ላይ ነጣ ብለው ይታያሉ፤ ሁለቱም የሳንባ ምች ይመስላሉ። ለሳንባ ምች የሚሰጡ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት ቤተሰብ፣ ነቀርሳውን ለጊዜው ሊያስታግሱትና ምርመራውን ሊያዘገዩት ይችላሉ። በሽተኛው ትንሽ ይሻለዋል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤተሰቡን ያስይዛል፤ ከወራት በኋላ ከስቶ ይመለሳል። እንዲህ ላለው ሰው የመጀመሪያው መርፌ በስንት ደቂቃ ተሰጠው ብሎ መጠየቅ ዋናውን ጥያቄ መዝለል ነው።

«ያለ መለኪያ ማን ይሠራል?» የሚሉ የጥራት ኃላፊዎችን አሳብ እጋራለሁ፤ ያልተለካ ነገር ይረሳል። መለኪያው ግን ከጥርጣሬ ጋር መኖር መቻል አለበት። የኦክስጅን መጠኑ በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ተለክቷል ወይ? ዝቅ ካለ ኦክስጅን ተጀምሯል ወይ? ይህ ሰዓት ሊቆጠርበት ይገባል፤ ምርመራ አይጠይቅምና። የደም ግፊቱ የወደቀበት ሰው አንቲባዮቲኩን ወዲያው አግኝቷል ወይ? ይህም ይቆጠር። ለሌላው ታካሚ ግን ሊጠየቅ የሚገባው በ24 እና በ48 ሰዓት ላይ ምርመራው በስም ተከልሶ ተጽፏል ወይ፣ አክታው ለነቀርሳ ታይቷል ወይ፣ «የሳንባ ምች» ተብለው ከተኙት ስንቶቹ በመጨረሻ የሳንባ ምች ነበሩ የሚለው ነው። የመጨረሻው ቁጥር በየትኛውም ሆስፒታል በአንድ ነርስና በአንድ መዝገብ በየወሩ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ኮምፒውተር አይፈልግም። ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታል ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ይህን ቁጥር መሰብሰብ ጀምሩ፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙን ከመቅጣት ይልቅ ርክክቡንና ክትትሉን መርምሩ። ታካሚ ይዛችሁ ሆስፒታል ለምታድሩ ቤተሰቦች ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ዙር ላይ የሚመጣውን ሐኪም በአክብሮት አንድ ነገር ጠይቁልን፤ «ዶክተር፣ ትናንት የሳንባ ምች ነው ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ሲያዩት ያው ነው ወይ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?»